ሚውዝስኮር ላይ የአምባሰል ዜማ፦ ግጥሙ ኖታውን ይገፋል፣ ገጹ በትሪፕሌት ተሞልቷል፣ እርዱኝ

ጦሳ ስር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ደሴ ነኝ። ከሰፈር ልጆች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እንለማመዳለን። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ኪቦርድና አንድ አልቶ ሳክስ አለን፤ የቀሩት ድምፃውያን ናቸው። እስካሁን ሁሉንም የምንይዘው በጆሮ ነው። ልጆቹ ግን ኖታ ማንበብ ጀምረዋል፤ የሚያገኙት መለማመጃ ሁሉ ደግሞ የውጭ ነው። የራሳቸውን ቅኝት በወረቀት ላይ ቢያዩት ደስ ይለኛል። ስለዚህ ራሳችን የሠራነውን አንድ የአምባሰል ዜማ ከነግጥሙ በሚውዝስኮር (የሙዚቃ ኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ነው) ጽፌ ላትመው ተነሳሁ።

ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ። የጫንኩት 3.6.2 ነው። ያስቸገረኝን ልዘርዝር። አንዳንዴ ኖታ ለማስገባት ኤ፣ ቢ፣ ሲ ስጫን ምንም አይገባም፤ ቁጥሮቹ ግን ይሠራሉ። ዜማው ችክችካ ነው፤ በ2/4 ጀመርኩትና እያንዳንዱ ምት ለሦስት ስለሚከፈል ገጹ በሙሉ 3 ቁጥር (ትሪፕሌት) ሆነ። የአማርኛ ግጥሙን ስጨምር ኖታዎቹ ይራራቃሉ። በመስመር አራት ባር (በቋሚ መስመር የተከለለ የምት ክፍል) እንዲሆን አዝዤዋለሁ፤ እሱ ግን ሦስት ባር ያስቀምጥና አራተኛውን ብቻውን ታች ያወርደዋል። ቅኝቱ ከሲ ስለሚነሳ ዲ ፍላትና ኤ ፍላት በየቦታው ይቆማሉ፤ የትኛውን ኪ ሲግኒቸር (በመስመሩ መነሻ የሚቆመውን የፍላትና የሻርፕ ምልክት) ልጠቀም?

በማውስ እየጎተትኩ ላስተካክል ሞከርኩ። አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል። የምታውቁ እርዱኝ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ። ከዚያ ኮንትሮል + ኤ ብለህ ሁሉንም ምረጥና ኮንትሮል + አር ተጫን። በእጅ የጎተትከው ሁሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚህ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ ማውስ አትንካ። ፋይሉን እዚህ ልትለጥፈው ትችላለህ?

ጦሳ ስር (ደሴ)

አመሰግናለሁ። መለስኩት፣ ፋይሉም ከላይ ተያይዟል። ግጥሙም የራሳችን ነው፣ ማንም ቢያየው ችግር የለም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ከፍቼ አየሁት። ዜማው ያምራል፣ በርቱ።

ከምቱ እንጀምር። እያንዳንዱ ምት በተፈጥሮው ለሦስት የሚከፈል ከሆነ ቦታው 6/8 ነው። በ2/4 ስትጽፈው ፕሮግራሙ ምቱ ለሁለት ይከፈላል ብሎ ነው የሚነሳው። ስለዚህ በየምቱ ላይ 3 ቁጥርና ቅንፍ ይለጥፋል። ያ ቁጥር ቦታ ይይዛል። መስመሮቹ ከላይና ከታች የተራራቁብህ በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው። በ6/8 ግን ኤይትዞቹ (የኳርተር ግማሽ የሆኑት ኖታዎች) ራሳቸው ሦስት ሦስት ሆነው ይያያዛሉ፤ ምንም ቁጥር አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልብ በል። 6/8ን ከፓሌት አንስተህ አሁን በተጻፈው ላይ ብትጥለው አይስተካከልም። ባሮቹን እንደገና ይቆራርጣቸዋል፤ ትሪፕሌቱ ግን ትሪፕሌት ሆኖ ይቀራል። አዲስ ፋይል ክፈትና ከመነሻው 6/8 ምረጥ።

አሁን ዋናው ዘዴ። ዜማውን ወዲያው አታስገባ። ኤን ተጫንና የአንድ ባር ምት ብቻ ጻፍ፤ ድምፁ ሁሉም ሲ ቢሆን ግድ የለም። ያንተ ዜማ አብዛኛው ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር ነው። ስለዚህ 5 ብለህ ኳርተር፣ 4 ብለህ ኤይትዝ፣ ደግመህ 5፣ ደግመህ 4። ኤስኬፕ ብለህ ውጣ፣ ባሩን ምረጥና አር ተጫን። በተጫንክ ቁጥር ያ ባር ከኋላው ይደገማል። ሙሉውን ዜማ በዚህ ሙላው። ከዚያ ምቱ ለየት የሚልበትን ባር ብቻ እየፈለግህ አስተካክል።

ይህ ሲያልቅ ከኤን ምልክቱ ጎን ያለችውን ትንሽ ቀስት ክፈትና ሪ-ፒች የሚለውን ምረጥ። አሁን የምትጫነው ፊደል የኖታውን ድምፅ ብቻ ይቀይራል፤ ርዝመቱን አይነካም። ዜማውን ከላይ እስከ ታች በፊደል ብቻ እያዜምክ ታስገባዋለህ። ምቱ ለሚደጋገም ዜማ ከዚህ የፈጠነ መንገድ አላውቅም።

የፍጥነቱን ምልክትም ቀይር። በ2/4 ኳርተር = 100 ያልከው፣ በ6/8 ባለ ነጥብ ኳርተር = 100 ነው። ነጥቡ ከሌለ ሲያጫውተው ይንቀራፈፋል።

ሐይቅ ዳር

ቦርከና፣ ላቋርጥህና አንድ ጥያቄ። 3/4 ብንለውስ? ሁለቱም ስድስት ኤይትዝ ነው የሚይዙት። አንዳንድ ዜማ ላይ እኮ ከበሮው ሁለት ሲል ዘፋኙ ሦስት ይላል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የምወስነው በጭብጨባው ነው። ሰው በአንድ ባር ውስጥ ሁለቴ ካጨበጨበ 6/8፣ ሦስቴ ካጨበጨበ 3/4። የዚህ ዜማ ጭብጨባ ሁለት ነው።

ዘፋኙ ለአንድ ሁለት ባር ወደ ሦስት ቢሄድ ታይም ሲግኒቸሩን (6/8 የሚለውን የምት ምልክት) አትቀይረው። እዚያው 6/8 ውስጥ ኳርተር፣ ከዚያ በታይ (ሁለት ኖታን እንደ አንድ በሚያስኬድ ቅስት) የታሰሩ ሁለት ኤይትዝ፣ ከዚያ ኳርተር ብለህ ጻፈው። ታይ ቲ ቁልፍ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ሦስት ኳርተር ደርድረህ ብትሰጠውም ይቀበልሃል፤ አንባቢው ግን ሁለተኛው ጭብጨባ የት እንደሚወድቅ አያይም። ለጀማሪ ልጅ ይህ ከባድ ነው።

ሐረጎ (ኮምቦልቻ)

የፊደሉን ነገር ለኔ ተዉት። ጦሳ ስር፣ አማርኛ የምትጽፈው በኪይማን ነው አይደል? ኪይማን በርቶ እያለ ኤ ስትጫን ለፕሮግራሙ የሚደርሰው "አ" ነው። ሚውዝስኮር "አ" የሚባል ኖታ አያውቅም። ቁጥሮቹ እንደ ቁጥር ስለሚያልፉ ይሠራሉ። ስለዚህ ኖታ ስታስገባ ወደ እንግሊዝኛ፣ ግጥም ስታስገባ ወደ አማርኛ። የዊንዶውስ ቁልፉን ይዘህ ስፔስ ስትነካ ይቀያየራል። የትኛው እንደበራ ታች ጥግ ላይ ተመልከት።

ሚዲ ኪቦርድ በዩኤስቢ ከሰካህ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። በቀኝ እጅ ድምፁን፣ በግራ እጅ ርዝመቱን በቁጥር። ኪ ሲግኒቸሩን ግን አስቀድመህ አስገባ። ፕሮግራሙ ጥቁሩን ቁልፍ ዲ ፍላት ይበለው ሲ ሻርፕ የሚወስነው በእሱ ነው። የተሳሳተ ከመጣ ኖታውን መርጠህ ጄ ተጫን፣ ስሙን ይቀይረዋል።

ሌላው ፎንት ነው። የሚውዝስኮር መደበኛ የጽሑፍ ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ያሳይሃል፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ አራት ማዕዘን ሳጥን ሊሆን ይችላል። ፎርማት፣ ስታይል፣ ቴክስት ስታይልስ ግባና አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ አድርገው። ግጥም ሁለት ቦታ ነው ያለው፤ አንዱ ለጎዶሎ መስመር፣ አንዱ ለሙሉ መስመር። አንዱን ብቻ ከቀየርክ ሁለተኛው የግጥም መስመር በሌላ ፎንት ይመጣል። ርዕሱንና የደራሲውን ስምም እዚያው ለየብቻ ቀይር። ስትጨርስ ፎርማት ውስጥ ሴቭ ስታይል አለ። ለሚቀጥለው ዜማ ሎድ ስታይል ብቻ ነው የሚቀርህ።

የድሮ መዘምር (ደሴ)

ልጆቼ፣ ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ስለ ግጥሙ ልናገር፤ መዘምራን ሳሠለጥን ዘወትር የምታገለው ከእሱ ጋር ነው።

ፋይሉን ከፈትኩት። ግጥሙን ፊደል በፊደል ነው የቆረጥከው። "አምባሰል" ሲል አ-ም-ባ-ሰ-ል ብለህ ለአምስት ኖታ አከፋፍለኸዋል። ሲዘፈን ግን ሦስት ነው፦ አም-ባ-ሰል። "ኮምቦልቻ" አምስት ፊደል ነው፣ ሲዘፈን ኮም-ቦል-ቻ ሦስት ነው። ሳድስ ፊደል አናባቢ ከሌለው ከእሱ በፊት ካለው ፊደል ጋር አንድ ኖታ ላይ ይቀመጣል። አናባቢ ሲኖረው ግን የራሱ ኖታ ይገባዋል፦ ዝ-ናብ፣ ም-ድር፣ ት-ዝ-ታ። በዓይን አይለይም፤ ቃሉን ዝግ ብለህ እያዜምክ ስማው። "ክራር" ላይ ዘፋኙ አንዳንዴ ክ-ራር ብሎ በሁለት፣ አንዳንዴ በአንድ ያወጣዋል። እሱን ዜማው ይወስናል።

ለምሳሌ "ደሴ ላይ ዝናብ ጣለ" የሚል ስንኝ ቢኖርህ ደ-ሴ ላይ ዝ-ናብ ጣ-ለ ብለህ ሰባት ኖታ ነው። ፊደሉን ብትቆጥር ዘጠኝ ነው። እንዲህ ያሉ ትርፍ ፊደሎችን ለማስቀመጥ ስትል ዜማው ውስጥ የሌሉ ኖታዎች ጨምረሃል። ባሩ የተጨናነቀው በዚህ ነው። ልጆቹም እንዲህ ተጽፎ ካዩት "አ-ም" ብለው ሁለት ጊዜ ይገፉታል። ቃሉ ይሰበራል። የኛ ቋንቋ እየጠበቀና እየላላ ትርጉም የሚቀይር ቋንቋ ነውና በዚህ ቸልተኛ መሆን አይገባም።

አገባቡ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ኖታ ምረጥ፣ ኮንትሮል + ኤል። ቃሉ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው ኖታ ለመሄድ ሰረዝ፣ ቃሉ ሲያልቅ ስፔስ። አንዱ ድምፅ በብዙ ኖታ ላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ፣ የኛ ዜማ ደግሞ እንዲህ ያለው ሞልቶታል፣ ቃሉ መሐል ላይ ከሆንክ ሰረዙን እየደጋገምክ እለፍ። የቃሉ መጨረሻ ከሆነ ደግሞ ሺፍት ይዘህ ሰረዙን ንካ፤ ከታች የሚሳብ መስመር ይሠራልሃል። ከሥሩ ሁለተኛውን የግጥም መስመር ለመጻፍ ኢንተር ትላለህ።

ጦሳ ስር (ደሴ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በኪይማን ስጽፍ ግን ሰረዝና ስፔስ እየመታሁ ፊደል መቀያየሩ ያዘገየኛል። መፍትሔ አለው?

ሐረጎ (ኮምቦልቻ)

አለው፣ አብሽር። ግጥሙን ስልክህ ላይ ጻፈው። ቴሌግራም ላይ ለራስህ ላክ። ልክ ጋሼ እንዳሉት በሰረዝና በስፔስ ተቆራርጦ ይሁን። ኮምፒውተሩ ላይ ኮፒ አድርገው። የመጀመሪያውን ኖታ ምረጥ፣ ኮንትሮል + ኤል፣ ከዚያ ኮንትሮል + ቪ እየደጋገምክ ተጫን። አንዴ በተጫንክ ቁጥር አንድ ክፋይ ይለጠፍና ወደሚቀጥለው ኖታ ይሄዳል። ቃላቱ መሐል ሁለት ነጥብ (፡) ካለ አስቀድመህ በስፔስ ተካው፤ እሱን እንደ ክፍተት አያየውም።

ሐይቅ ዳር

ሰረዙ ግን የግድ ነው? እኔ ያለ ሰረዝ ነው የምወደው። አማርኛ በሰረዝ ሲቆራረጥ ያስጠላኛል።

የድሮ መዘምር (ደሴ)

የኔ ልጅ፣ ለሚያነበው አስብለት። ሰረዝ ከሌለ ቃሉ የት እንደሚጀምር አያውቅም። "ዝ ናብ ጣ ለ" ተብሎ የተራራቀ ፊደል ፊት ለፊቱ ካስቀመጥክለት ቃሉን ትቶ ፊደል ይለቅማል። መዘምራኖቼ ላይ ልዩነቱን አይቻለሁ። ይግባ ባይ ነኝ።

ሐይቅ ዳር

እሺ ጋሼ። በቃሌ ለማጠናው ዜማ ግን ያለ ሰረዝ እቀጥላለሁ።

ሳክስ ነፊ (ደሴ)

ቅኝቱን ልመልስ። አምባሰል ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። አራት ፍላት ያለውን ኪ ሲግኒቸር አድርግበት፣ ማለትም የኤ ፍላት ሜጀሩን። ቢ እና ኢ ዜማው ውስጥ ስለሌሉ የእነሱ ፍላት አይጎዳህም። በየኖታው ፊት ይቆም የነበረው ፍላት ሁሉ ይጠፋል። ቦታም ታተርፋለህ።

ሌሎቹንም ልንገርህ፣ ወደፊት ያስፈልግሃል። ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ምንም አያስፈልገውም። ትዝታ ማይነር ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፤ ሦስት ፍላት ይበቃዋል። ባቲ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ፤ ንጹሕ ነው። አንቺሆዬ ነው የሚያስቸግረው፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። ዲና ጂ ፍላት ሆነው ኤ ናቹራል የሚሆንበት መደበኛ ኪ ሲግኒቸር የለም። በማስተር ፓሌት የራስህን መሥራት ትችላለህ። እኔ ግን አልመክርም። ልጆቹ ሌላ ቦታ የማያዩትን ምልክት ከምታስለምዳቸው ፍላቱን በየኖታው ፊት ጻፍላቸው።

አልቶ ሳክስ ያላችሁት ደግሞ፣ ኮንሰርት ፒች የሚለውን ምልክት እያየህ ጻፍ። እሱ በርቶ ስትጽፍ ሁሉም መስመር ላይ የሚታየው የሚሰማው ድምፅ ነው። ሲጠፋ የሳክሱ መስመር ብቻውን ይቀየራል። የኪቦርዱ ሲ ለአልቶ ሳክስ ኤ ነው። የናንተ አምባሰል ለሳክሱ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሆኖ ይወጣል፤ ኪ ሲግኒቸሩም አንድ ፍላት ብቻ። ፕሮግራሙ ራሱ ይሠራዋል። ስታስገባ አብርተው፣ ስታትም አጥፋው። መቼም በእጅህ አታስልተው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አሁን ወደ ገጹ እንምጣ። ጦሳ ስር፣ ጋሼ ያሉትን አስተካክለህ የላክኸውን አዲሱን ፋይል አየሁት። ግማሹ ችግር በራሱ ጠፍቷል።

አራተኛው ባር ብቻውን የሚወርደው ለምን እንደሆነ ልንገርህ። በየአራት ባሩ መስመር እንዲቆረጥ አዘሃል። ግን አራት ባር በዚያ ስፋት አይገባም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሦስቱ ላይ በግዱ ይቆርጣል። አራተኛውን ያወርዳል። ከአራተኛው ቀጥሎ ደግሞ ያንተ ትእዛዝ አለ፤ እሱንም ያከብራል። ውጤቱ ሦስት፣ አንድ፣ ሦስት፣ አንድ ነው።

ፎርማት ውስጥ አድ ኦር ሪሙቭ ሲስተም ብሬክስ ግባና ሁሉንም አጥፋ። ከዚያ ፔጅ ሴቲንግስ ክፈት። ወረቀቱ ኤ4 መሆኑን አረጋግጥ፤ ሌተር ከሆነ ማተሚያ ቤቱ ላይ ጠቦ ወይም ተቆርጦ ይወጣል። እዚያው ስታፍ ስፔስ (በአምስቱ የኖታ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት) የሚል አለ፣ 1.75 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ወደ 1.6 አውርደው። ከ1.5 በታች ግን አትሂድ፤ ሁለት ልጆች አንድ ወረቀት ሲጋሩ አይታያቸውም። የግጥሙ ፊደልም አብሮ ይቀንሳል፤ ፎሎው ስታፍ ሳይዝ የሚል ምልክት ስላለበት። 11 ነጥብ የነበረው ወደ 10 ይወርዳል። የኛ ፊደል ብዙ ቅጥያ ስላለው ከዚያ በታች ቢወርድ ሐ እና ሕ አይለዩም። አሁንም ሰፊ ከሆነ ፊደሉን ከማሳነስ የኖቶን ጠባብ ዓይነት ተጠቀም፤ ኮንደንስድ የሚባለውን።

ይህን ካደረግህ በኋላ አራት ባር ይገባ እንደሆነ እይ። ከገባ ሲስተም ብሬኩን መልሰህ እዘዝ። ካልገባ በአራት ካልሆነ አትበል፣ በሦስት ጻፈው። ከሁሉ በላይ ግን መስመሩን ከስንኙ ጋር ቁረጠው። ስንኙ አምስተኛው ባር ላይ ካለቀ እዚያ ይቆረጥ። ባሩን መርጠህ ኢንተር ትላለህ። ዘፋኝ ትንፋሹን የሚወስደው እዚያ ነው፤ ዓይኑም ወደ ታች የሚወርደው እዚያ ቢሆን ይሻላል። የባሩ ቁጥር እኩል መሆኑ ለማንም አይጠቅምም።

የመጨረሻው መስመር ከተለጠጠብህ ስታይል፣ ፔጅ ውስጥ ላስት ሲስተም ፊል ትሬሽሆልድ አለ። 30 በመቶ ላይ ነው የሚገኘው። ከፍ ስታደርገው አጭሩ መስመር አጭር ሆኖ ይቀራል። አንድ ባር ብቻ ማጥበብ ወይም ማስፋት ስትፈልግ ባሩን ምረጥና ስትሬች የሚለውን ከፎርማት ተጠቀም። መስመሮቹ ገጹን ለመሙላት ከላይ ወደ ታች ከተበታተኑ ደግሞ እዚያው ፔጅ ውስጥ ቨርቲካል ጀስቲፊኬሽኑን አጥፋው።

ጦሳ ስር (ደሴ)

አራት ባር ገባ! ግን እንዳልከው በስንኙ ቆረጥኩት። ሁለት ገጽ የነበረው አንድ ገጽ ሆነ። የሳክሱም መስመር ልክ ወጣ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ዘኪያ (ደሴ)

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ክሩ ስለጠቀመኝ እኔም ልጠይቅ። እኔ መንዙማ ነው የምጽፈው። መግቢያው ላይ መሪው ብቻውን ያለ ምት ነው የሚያዜመው፤ ድቤው የሚገባው በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ግን ባር ያለ ታይም ሲግኒቸር አልቀበልም ይላል። 4/4 ብዬ ስጽፈው ያለ ቦታው ይቆራርጠዋል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ወዐለይኩም ሰላም፣ እህቴ። ባሩን ራስሽ አስረዝሚው። ባሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጊና ሜዠር ፕሮፐርቲስ ክፈቺ። አክቹዋል የሚለው ቦታ ላይ የምትፈልጊውን ርዝመት ጻፊ፣ 15/8 ይሁን 22/8 ግድ የለውም። ታይም ሲግኒቸሩን ምረጪና ቪ ተጫኚ፤ ስክሪኑ ላይ ግራጫ ሆኖ ይታያል፣ ሲታተም ግን አይወጣም። የባሩን መስመር መደበቅም በዚሁ ቪ ነው።

ሙሉውን መግቢያ ግን በአንድ ባር አታድርጊው። አንድ ባር ለሁለት መስመር አይከፈልም። በጣም ከረዘመ ኖታዎቹ ተጨፍልቀው ይወጣሉ ወይም ከገጹ ያልፋሉ። መሪው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር አዲስ ባር አድርጊ፣ የባሩን መስመር ደብቂ። ረጅም የሆነውን በኋላ ለመክፈል ቱልስ ውስጥ ስፕሊት አለልሽ። እዚያው ሜዠር ፕሮፐርቲስ ላይ ኤክስክሉድ ፍሮም ሜዠር ካውንት የሚለውን ምልክት አድርጊበት። ያኔ ድቤው የሚገባበት ባር 1 ተብሎ ይቆጠራል። ልምምድ ላይ "ከባር 9 እንጀምር" ስትዪ ሁሉም አንድ ቦታ ይገናኛል።

ዘኪያ (ደሴ)

አላህ ይስጥልኝ። ይህን ነበር የምፈልገው። መሪው እያስጌጠ የሚያልፋቸውን ፈጣን ድምፆችስ በምን ልጻፍ? ምት የላቸውም።

ሳክስ ነፊ (ደሴ)

ግሬስ ኖት። ዋናውን ኖታ ምረጪና ስላሽ (/) ተጫኚ። ትንሿ ኖታ ከፊቱ ትገባለች፤ ከባሩ ርዝመት ምንም አትወስድም። ሁሉንም ጌጥ ግን አትጻፊው። ዋናውን ዜማ የሚይዘውን ጻፊ፣ ሌላውን ለመሪው ተዪለት። በየቀኑ እየለየው ነው የሚያዜመው።

የድሮ መዘምር (ደሴ)

ሁለት ነገር ልጠይቅና ልሂድ። አንደኛ፣ ብዙ የመዝሙር ፋይል በፊናሌ (ሌላው የኖታ ፕሮግራም) ጽፌ አለኝ። ከእንግዲህ እንደማይሠራ ሰምቻለሁ። ሁለተኛ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ወጣት ከኖታው በላይ የዜማ ምልክቶቹንም ላስቀምጥ ይለኛል። ድፋት፣ ሂደት፣ ርክርክ። በኮምፒውተር ይቻላል?

ሐረጎ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ ፊናሌ በ1988 የጀመረ ፕሮግራም ነው። ማሳደጉ እንዳበቃ ኩባንያው በነሐሴ 2024 አስታውቋል፣ ሁለቱም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። እርስዎ ኮምፒውተር ላይ እስከተጫነ ድረስ ይከፈታል። ስለዚህ አሁን፣ ኮምፒውተሩ ሳይበላሽ፣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ኤክስፖርት ብለው ወደ ሚዩዚክ ኤክስኤምኤል (የተለያዩ የኖታ ፕሮግራሞች የሚያነቡት የፋይል ዓይነት) ያውጧቸው። ሚውዝስኮር ይከፍተዋል። ኖታውና ግጥሙ ይመጣል፤ የገጽ አቀማመጡ ግን ስለሚበታተን ከላይ ቦርከና የጻፈውን ይከተሉ። ለእያንዳንዱ አንድ ፒዲኤፍም ያስቀምጡ፤ ሲያስተካክሉ ቀድሞ እንዴት እንደነበር ያዩበታል። ጦሳ ስር፣ ይህ ላንተም ነው። በሚውዝስኮር 4 የተቀመጠ ፋይል ያንተ 3.6.2 አይከፍተውም። የሚልክልህ ሰው በሚዩዚክ ኤክስኤምኤል ይላክልህ። መብራት ሲጠፋ የጠፋብህ ካለ ደግሞ ፕሪፈረንስስ ውስጥ አውቶሴቩን ወደ 2 ደቂቃ አውርደው።

ምልክቶቹ ይቻላሉ፣ ጋሼ። ከ2005 ጀምሮ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ የሚጋሩት የቁጥር ሥርዓት) ውስጥ አሥር የዜማ ምልክቶች አሉ፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደት፣ ቁርጥ። አቢሲኒካ ፎንት ይዟቸዋል። ወጣቱ ቁጥራቸው ከ1390 እስከ 1399 የሆኑትን በዊንዶውስ ካራክተር ማፕ ይፈልጋቸው። አንዴ ሁሉንም በአንድ ጽሑፍ ላይ ደርድሮ ካስቀመጠ በኋላ ከዚያ እየቀዳ ይለጥፋል። ሚውዝስኮር ላይ ኖታውን መርጦ ኮንትሮል + ቲ ብሎ በስታፍ ቴክስት ያስገባቸው፤ ከመስመሩ በላይ ይቀመጣሉ። ብዙ ከሆኑ ግን እንደ ሁለተኛ የግጥም መስመር ይጻፋቸውና መስመሩን መርጦ በኢንስፔክተሩ አቀማመጡን ወደ ላይ ያድርገው። ያኔ እያንዳንዱ ምልክት ከኖታው ጋር ተሳስሮ ይሄዳል፤ ገጹ ሲቀየር አይበታተንም።

የድሮ መዘምር (ደሴ)

ተባረክ ልጄ። ለወጣቱ አሁኑኑ እልክለታለሁ። ፊናሌውን ነገ ጠዋት እጀምራለሁ።